የጌጥ ታሪክና ሰው የሚያጌጥበት ምክንያት

ሰው ልብስ የሚለብሰው ከብርድና ከሐሩር ለመዳን ነው፤ ቤት የሚሠራውም ከዝናብና ከአውሬ ለመጠለል ነው። ጌጥ ግን ብርድ አይከለክልም፤ ዝናብም አይመልስም። ይህም ሆኖ ልብሱ ያለቀበት ድኻ እንኳ በአንገቱ ማተብ፥ በጣቱ ቀለበት፥ በልጁ አንገት ጥቂት ዶቃ አያጣም። ለሥጋ የማይጠቅም የሚመስለው ይህ ነገር በየዘመኑና በየአገሩ ከሰው አካል ሳይለይ የኖረበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄው ለአስተማሪ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ጌጥን እንደ ከንቱ ምኞት ስለሚቈጥረው በታሪክ ትምህርት ውስጥ ስፍራ አይሰጠውም፤ በዚህም ምክንያት ሕዝብ በገላው ላይ ተሸክሞት የሚዞረው ታሪክ ሳይነበብ ይቀራል።

ነገሩን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በሠርግ ቀን ደጃፍ ላይ መቆም ይበቃል። ጅቡቲ የቀድሞ ሰፈሮቿን በቍጥር የምትጠራ ከተማ ናት፤ «ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከተማዪቱን መቈርቈር የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888 ነው (ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በ1896 ኦቦክን ተክታ የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ሆነች፤ በ1897ም ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ከሶማሌ፥ ከአፋር፥ ከየመንና ከኢትዮጵያ የመጡት ሠራተኞችና ነጋዴዎች ከፈረንሳዮቹ መኖሪያ በስተደቡብ በተሠሩት ባለ ቍጥር ሰፈሮች ተቀመጡ። ስለዚህ ዛሬም በእንዲህ ያለ ሰፈር በአንድ ድንኳን ሥር አንዲቱ የወርቅ ሐብል፥ ሁለተኛዪቱ የአያቷን የብር ክታብ መያዣ፥ ሦስተኛዪቱ ከደጋ አገር የመጣ የአንገት መስቀል አድርገው ቢታዩ የሚያስደንቅ አይደለም። ለማያውቅ ተመልካች ሁሉም ጌጥ ብቻ ነው። ለሚያውቅ ግን አንዱ ሃይማኖት፥ አንዱ ትውልድ አገር፥ አንዱ የጋብቻ ቃል ኪዳን፥ አንዱም ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት ነው።

እንግዲህ ጌጥ ሁለት ሥራ አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው መናገር ነው፤ የለባሹን ማንነት ያለ ድምፅ ይገልጻል። ሁለተኛው ማኖር ነው፤ የለባሹን ሀብት በትንሽ ስፍራ ይጠብቃል። ሁለቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ተስማምተው ይኖራሉ። ችግር በመጣ ጊዜ ግን ሁለተኛው አንደኛውን ይበላዋል፤ ጌጡ በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል፥ በእሳትም ይቀልጣል፤ ሲናገረው የነበረውም ሁሉ አብሮት ይጠፋል።

ከሁለቱ የሚቀድመው መናገር እንደ ሆነ የጥንት መቃብሮችና ዋሻዎች ይመሰክራሉ። በሞሮኮ ቢዝሙን በተባለው ዋሻ ከ142,000 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያላቸው የተበሱ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎሎች ተገኝተው፥ በ2021 ለዓለም ተገልጸዋል። በደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ ዋሻም 75,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የዛጎል ዶቃዎች ተገኝተዋል። ለጅቡቲና ለኢትዮጵያ ተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር ግን በዚያው የባቡር መንገድ ላይ ይገኛል። ሐዲዱ በ1902 በደረሰባት በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ይህን ዋሻ በ1929 ያስተዋወቁት በጅቡቲ ጠረፍ በንግዱ የታወቀው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና የሥነ ፍጥረት ሊቁ ቴያር ደ ሻርደን ናቸው። ከብዙ ጊዜ ቍፋሮ በኋላ በ2008 በወጣው ጥናት በዋሻው ውስጥ መካከላቸው የተበሳ ከ400 በላይ የቀንድ አውጣ መክደኛዎች እንደ ተገኙና ተመራማሪዎቹም እንደ ዶቃ ያገለገሉ ናቸው ብለው እንደ ገመቱ ተገልጿል። ከዚያው ዋሻ 40 ኪሎ የሚያህል፥ 40,000 ዓመት ገደማ የሆነው ቀይና ቢጫ የቀለም አፈርም ተሰብስቧል። በዚያን ዘመን ገበያም ገንዘብም አልነበረም። የቀንድ አውጣ መክደኛ ሸጦ የሚበላ ሰው አልነበረምና ዶቃው የተደረገው ለመታየት፥ ይኸውም «እኔ የእነ እገሌ ወገን ነኝ» ለማለት ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ማዕድን ከመጣ በኋላ ግን ሁለተኛው ሥራ ተጨመረ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት አንድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈ መርከበኛ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ወደቦች ባዘጋጀው መጽሐፍ በአዱሊስ በኩል ወደ አክሱም የሚገቡትን ሸቀጦች ዘርዝሯል። ከነዚህም አንዱ ናስ ነው፤ ሰዎቹ ለጌጥ ያደርጉታል፥ ቈራርጠውም በገንዘብ ፋንታ ይገበያዩበታል ይላል። ሌላው ስስ መዳብ ነው፤ ለድስትና ለሴቶች አንባርና አልቦ ይቈረጣል ይላል። ይህ አጭር ማስታወሻ ታላቅ ትምህርት አለበት። አንዱ ናስ ዛሬ ክንድ ላይ ጌጥ፥ ነገ በገበያ ላይ ገንዘብ ይሆን ነበር። የአክሱም ነገሥታት በኋላ የራሳቸውን የወርቅ፥ የብርና የመዳብ ገንዘብ ሲያሳትሙ፥ መልካቸውን ዘውድ ደፍተውና ተሸልመው አስቀረጹ፤ ገንዘቡ ራሱ የጌጥ ሥዕል ተሸካሚ ሆነ። በ6ኛው መቶ ዓመት ከቍስጥንጥንያ የተላከው የመልእክተኛ ቡድን ያየውን የመዘገበው ዮሐንስ ማላላስም የአክሱምን ንጉሥ በአንገቱ የወርቅ ድሪ፥ በክንዱ የወርቅ አንባር አድርጎ በዝሆኖች በሚሳብ ሠረገላ ላይ እንደ ታየ ጽፏል። መልእክተኛው የንጉሡን ቋንቋ ባያውቅም ወርቁ የተናገረውን ሳያስተረጕም አልቀረም።

በመካከለኛው ዘመንና ከዚያም በኋላ የጌጥ ቋንቋ በሥርዓት ተወሰነ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ወርቅ የቤተ መንግሥትና የተፈቀደላቸው ሰዎች ጌጥ ነበር፤ ሕዝቡ በብር ያጌጥ ነበር። ዝሆን የገደለ አዳኝ የወርቅ ጉትቻ የማድረግ ማዕረግ ነበረው፤ ስለዚህ ጆሮውን ያየ ሁሉ ሥራውን ያውቅ ነበር። በክብረ ነገሥትም ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥት ማክዳ የሚወለደው ልጅ የሚታወቅበት ቀለበት እንደ ሰጣት ተጽፏል፤ በዚያ ታሪክ ቀለበቱ የሚያገለግለው እንደ ደብዳቤና እንደ ማኅተም ነው። የክርስቲያኑ ማተብና የአንገት መስቀል፥ የሴቶች ድሪ፥ አልቦ፥ ወለባና ሎቲ፥ የብር የኩክ ማውጫ እንኳ ሳይቀር፥ እያንዳንዱ የየራሱ ስፍራና ትርጕም ነበረው። በሶማሌዎችም ዘንድ ሒርሲ የሚባለው፥ የተጻፈ ቃል በውስጡ የሚያዝበት የብር ማኅደር በአንገት ይንጠለጠላል፤ በደጋው ያለው ክታብም በሥራው ወንድሙ ነው። ሁለቱም ከዐይን ጥላና ከደዌ ይጠብቃሉ ተብለው የሚደረጉ ናቸው። ለመከላከል የሚደረግ ጌጥም ቢሆን ንግግር ነው፤ ልዩነቱ የሚናገረው ለማይታየው ጠላት መሆኑ ብቻ ነው።

የጌጥ ሁለት ሥራዎች ፍጹም አንድ የሆኑት ግን በማርትሬዛ ብር ዘመን ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ሲታተም የኖረው ይህ ብር በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የታመነ ገንዘብ ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም 23 ግራም የሚያህለው ጥሩ ብር ነው። ክብደቱ የማይለዋወጥ በመሆኑ የወቄት መለኪያ ሆኖ ወርቅ ሳይቀር ይመዘንበት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ መልካቸው ያለበትን ብር በፓሪስ ቢያሳትሙም፥ ነጋዴው ማርትሬዛውን አልተወም። በታጁራና በዘይላ በኩል ከሚገባው ጨውና ጨርቅ፥ በኋላም በጅቡቲ ባቡር ከሚጫነው ሸቀጥ ጋር የሚዞረው ይህ ብር ለአንጥረኛው ዋና ጥሬ ዕቃ ነበር። ደንበኛው ብሩን ቈጥሮ ያመጣል፤ አንጥረኛው በከውር አቅልጦ መስቀል፥ አንባር ወይም ድሪ አድርጎ ይመልስለታል፤ ደንበኛውም የእጁን ዋጋ ይከፍለዋል። አዝመራው በተበላሸ ዓመት ጌጡ ተመዝኖ እንደ ገና ብር ይሆናል። የንግሥቲቱ መልክ ወደ መስቀል፥ መስቀሉም ወደ እህል ይለወጣል። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ ወዲህ ማርትሬዛው ከገበያ እየራቀ ሄደ፤ በጅቡቲም በ1949 የአገሩ ፍራንክ ተቋቋመ። የወረቀት ገንዘብ ግን እንደ ብር ቀልጦ አንባር አይሆንምና፥ ጌጥና ገንዘብ አንድ የነበሩበት ዘመን በዚህ ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ ሴቶች ለጌጥ የነበራቸው እምነት አልቀነሰም፤ ምክንያቱም ግልጥ ነው። ርስት በስፍራው ይቀራል፤ ቤት ከመሠረቱ አይነቀልም፤ ከብትም ድርቅ ይገድለዋል። ጌጥ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። በእስልምና ሥርዓት ባል ለሚስቱ የሚሰጣት መህር የሙሽራዪቱ የራሷ ገንዘብ ነው፤ የአባቷም የባሏም አይደለም። በደጋውም ጥሎሽ ሆኖ ከሚመጣው መካከል ጌጥ ዋነኛው ነው። ስለዚህ ከአገሯ ወጥታ እንደ ካርቲየ ሰባት ባለ ሰፈር ለምትኖር ሴት በክንዷ ያለው ወርቅ ዘመድ በሌለበት ዘመድ ማለት ነው። የልጅ ትምህርት፥ የሕመምተኛ መድኃኒት፥ የመንገድ ስንቅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩት ኢትዮጵያውያን ሴቶች መንገዱን ሲጀምሩ ከጆሮአቸው ጉትቻ የሚያወልቁ ቢኖሩ፥ የሚሸጡት ከንቱ ነገር ሳይሆን የቀራቸውን የመጨረሻ ጥሪት ነው።

በጌጥ ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ነቢዩ ኢሳይያስ የጽዮንን ሴቶች ጌጥ አንድ በአንድ እየቈጠረ ገሥጿል፤ እስራኤልም በምድረ በዳ የጥጃውን ጣዖት የሠሩት ከጆሮ ጉትቻቸው ነው። በዘመናችንም ለሠርግ ወርቅ ሲል ለዓመታት የሚከፈል ዕዳ ውስጥ የገባ ሙሽራ፥ ከጎረቤት አናንስም ሲል የተጐዳ ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ይህ ጕዳት የሚመጣው ጌጡ የለባሹን እውነት መናገር ትቶ የሌላውን ሀብት ሲናገር ነው። የተበደሩት ወርቅ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ሐሰተኛ ምስክር ስላለ ግን ምስክርነት ሁሉ አይናቅም።

ጌጥ ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሚሸከም ኢትዮጵያ በጦርነት ጊዜ አይታለች። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት፥ በታኅሣሥ ወር 18 ቀን 1935፥ መንግሥቷ ባለትዳሮች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ጥሪ አደረገ። በሮም ንግሥት ኤሌና ቀድማ ሰጠች፤ ብዙ ሺህ ሴቶችም ተከትለው የወርቅ ቀለበታቸውን ጣሉ፤ በምትኩም የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ጥሪውን ያደረጉት ሰዎች ወርቁን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ይፈልጉ ነበር፤ ሚስት ለባሏ የገባችውን ኪዳን ወደ መንግሥት እንድታዞረው ነበርና። ከጥቂት ወራት በኋላ በግንቦት 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ቤተ ሰባቸው በባቡር ጅቡቲ ደርሰው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። በዚያው ስደት እቴጌ መነን በቤተ ልሔም በልደት ቤተ ክርስቲያን አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለመስጠት ተሳሉ፤ በ1941 ነጻነት ከተመለሰ በኋላም በ1930 የተቀዳጁት ዘውድ ወደዚያው ተላከ። በአንዱ ጦርነት በአንደኛው ወገን ቀለበት ቀልጦ ለወረራ ዋለ፤ በሌላው ወገን ዘውድ የስለት ቃል ሆነ። የቀለጡት ቀለበቶች የማን እንደ ነበሩ ዛሬ ለይቶ የሚናገር የለም፤ የዘውዱ ነገር ግን ተጽፏልና ይነገራል።

ሳይቀልጥ የቀረ ጌጥም ቢሆን ሁልጊዜ ይናገራል ማለት አይደለም። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከልጃቸው ከአለማየሁ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ። የእርሳቸው እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው ልብስና የብር ጌጦች በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ብሩ ደኅና ነው፤ ክብደቱም አልጐደለም። ነገር ግን ማን እንደ ሠራው፥ በየትኛው በዓል እንደ ተደረገ፥ ለባሽዋ ስለ እርሱ ምን ትል እንደ ነበር ሊነግሩ የሚችሉት ሰዎች አብረውት አልተወሰዱም። እሳት የሚያጠፋውን ያህል መለየትም ያጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ግን የሠሪው ስም ነው። ጌጡን በክብር ያደረገው ሕዝብ አንጥረኛውን ይንቀው ነበር። ብረት ቀጥቃጩና ብር ሠሪው «ቡዳ» ተብሎ ይፈራ፥ ጋብቻም ይከለከል ነበር፤ ከነዚህም ባለ ሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንደሚቀጣ ቢያስታውቁም፥ የቈየ ንቀት በአንድ ዐዋጅ አልጠፋም። ከባሕሩ ማዶ በየመንም የብር ሥራ በአብዛኛው በአይሁድ አንጥረኞች እጅ ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1949ና በ1950 በኤደን በኩል ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ከመውጣታቸው በፊት ሙያቸውን ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው እንዲያስተምሩ ተጠይቀው እንደ ነበር ይነገራል። ባለ ሙያው ጓዙን ሲያስር ብቻ የሙያው ዋጋ መታወቁ ለትምህርት ሰዎች ተግሣጽ ነው። እጅን የሚያስንቅ ትምህርት የእጅን ሥራ ማክበር ሊያስተምር አይችልም።

እንግዲህ ሰው የሚያጌጥበት ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፤ ማንነቱን ለመናገርና ያለውን ለማኖር። ሁለተኛውን ምክንያት ማንም ሊያስቀረው አይገባም። ልጇ የታመመባት እናት አንባሯን ብትሸጥ፥ ጌጡ የተሠራበትን ሥራ ፈጸመ እንጂ አልጠፋም። ድኻን «ቅርስህን አትሽጥ» ብሎ መገሠጽ ለጠገበ ሰው ይቀልላል። ሊደረግ የሚችለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ጌጡ ከመሸጡ በፊት የሚናገረውን መስማትና መጻፍ ነው።

ይህንም ለማድረግ ከአስተማሪ የሚበልጥ ሰው የለም። በካርቲየ ሰባትም ሆነ በጎንደር ወይም በሐረር የሚያስተምር መምህር ለተማሪው አንድ ቀላል የቤት ሥራ ሊሰጥ ይችላል። ተማሪው በእናቱ ወይም በአያቱ ዘንድ ያለውን አንድ ጌጥ ይመልከት፤ መልኩን በደብተሩ ይሣል፤ ከዚያም ሦስት ነገር ይጠይቅ። ማን ሠራው? ማን ለማን ሰጠው? በምን ቀንና በምን ምክንያት ተደረገ? የጌጡ ስም በቤቱ ቋንቋ፥ በሶማልኛም ይሁን በአፋርኛ፥ በዐረብኛም ይሁን በአማርኛ፥ እንደሚጠራው ይጻፍ። ብዙ ልጆች ይህን በመጠየቅ ከዚህ በፊት ያልሰሙትን የቤተ ሰባቸውን ስደት፥ ሠርግና ኀዘን ይሰማሉ። የአንጥረኛ ልጅ በክፍሉ ቢኖርም አባቱ የሠራው ሥራ በጓደኞቹ ደብተር ተጽፎ ሲያይ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

የትምህርት ቤት ሹማምንትም ይህን ዐይነት ደብተር የፈተና ውጤት ካልሆነ ብለው እንዳይጥሉት ይገባል። ብሩ ሊቀልጥ፥ ወርቁ ሊሸጥ፥ ባለቤቲቱም ባሕር ልትሻገር ትችላለች፤ በልጅ እጅ በጥንቃቄ የተጻፈ ገጽ ግን በሚዛን አይሸጥምና ማንም አያቀልጠውም። ከድሬዳዋው ዋሻ የተገኙት እነዚያ ዶቃዎች ያደረጓቸውን ሰዎች ስም ሊነግሩን አልቻሉም፤ በዘመናቸው ጽሕፈት አልነበረምና። ጽሕፈት ያለው ትውልድ ግን የእናቱን አንባር ስም አልባ አድርጎ ቢያልፍ የሚያመካኝበት ነገር የለውም።